ባሌ «አትላንቲክን በሸራ ጀልባ እንሻገር» አለኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ባለቤቴ የንግድ መርከብ መካኒክ ነው። ከተጋባን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ባህር ላይ ነው። ለእረፍት ሲመጣ ገና ሳንላመድ ይመለሳል። እኔ ከአጋሮ አካባቢ እሸት ቡና እየገዛሁ አቀርባለሁ። ልጅ ገና አልወለድንም።

አሁን አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው 12 ሜትር የሚሆን የሸራ ጀልባ ገዛ። በኅዳር ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ካሪቢያን ውስጥ ከደሴት ደሴት ሊዞር ነው። «ሚስትህን ይዘህ ና፣ ሦስታችን እንበቃለን» ብሎታል። ባሌ እንቅልፍ አጥቷል። «አንቺ ምንም አትሠሪም፣ ቁጭ ብለሽ ባህሩን ማየት ነው፤ በቃ አብረን እንሆናለን» ይለኛል። ወጪው ለቤት መሥሪያ ካስቀመጥነው ነው።

ዋና አልችልም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ የግልገል ግቤ ግድብ ነው። እናቴ ስትሰማ «እዚያ ብትሞቺ የት ልቀብርሽ ነው?» ብላ አለቀሰች። እምቢ ብል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚወቅሰኝ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ አብሬው መሆኑ እኔንም አጓጉቶኛል። ምን ይሉኛል?

ቡና አቅራቢዋ፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ ባልሽ «ምንም አትሠሪም» ያለሽ ልብሽን ሊያሳርፍ ይሆናል እንጂ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሦስት ሰው ይዞ ውቅያኖስ የሚሻገር ጀልባ ላይ እንግዳ የሚባል የለም። ጀልባው ሌት ተቀን ይሄዳል። መሪውን አውቶፓይለት የሚባለው መሣሪያ ቢይዘውም፣ ከፊት መርከብ እንዳይመጣ፣ ነፋሱም እንዳይለወጥ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ነቅቶ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ሌሊቱ በተራ ይከፈላል። አንዱ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል፣ ሁለቱ ይተኛሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን የምትቀመጪዋ አንቺ ነሽ። ቀን ደግሞ እንቅልፍ የጎደለው ይተኛል። ጥንዶች እንዲህ ሲሻገሩ በአንድ ጠባብ ጀልባ ውስጥ ሆነው ይነፋፈቃሉ። እሱ ሲነሳ አንቺ ትተኛለሽ፤ ነቅታችሁ የምትተያዩት ይበልጡን ተራ ስትቀያየሩ ነው። አንቺን ያጓጓሽ አብሮ መሆን እዚያ ብዙም አይገኝም።

መንገዱ ራሱ እብደት አይደለም። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከግራን ካናሪያ፣ ከላስ ፓልማስ ወደብ፣ ካሪቢያን ውስጥ እስካለችው ሴንት ሉሲያ 2,700 የባህር ማይል ግድም ነው፤ 5,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ በሰዓት በአማካይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ሦስት ሳምንት በይው። የንግድ ነፋስ የሚባለው ከኋላ እየገፋ ስለሚወስድ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች ይሻገሩታል። ኅዳር የተመረጠውም የአውሎ ነፋሱ ወቅት ኅዳር 21 አካባቢ ስለሚያበቃ ነው።

ግን የእናትሽ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መሃል ውቅያኖስ ላይ ሄሊኮፕተር አይደርስም። የአደጋ ምልክት በሳተላይት ቢላክ እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው በአካባቢው የሚያልፍ የጭነት መርከብ ነው። በሌሊት የወደቀ ሰው ዋና ቢችልም ማግኘቱ ጭንቅ ነው። የሚያድነው አለመውደቅ ነው፤ የደህንነት ቀበቶን ከጀልባው ጋር ሳያስሩ ወደ ላይ አለመውጣት። ባልሽም ቢሆን የለመደው የትልቅ መርከብ ሞተር ክፍል ነው። ትንሽ ጀልባ ስትወዛወዝ ሌላ ነገር ነች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እሱም ሲያስመልሰው ቢከርም አይግረምሽ።

ደሴቶቹ ግን ሌላ ኑሮ ናቸው። ጠዋት መልሕቅ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ደሴት ጋ ይጣላል። ሰማዩ ሲጠራ ከሴንት ሉሲያ ሆነሽ ማርቲኒክን ታያለሽ። በሁለቱ መሃል ባህሩ ይነሳል፣ አልዋሽሽም፤ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። ማታ ጀልባው ይቆማል። እራት አብራችሁ ትበላላችሁ፣ እኩል ትተኛላችሁ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቤኪያ የምትባል ደሴት አለች፣ ከዚያም በታች ቶባጎ ኬይስ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች፤ ኤሊዎች የባህር ሳር ሲግጡ የሚታዩበት ጥርት ያለ ውሃ ነው። ዋና የሚያስፈልግሽ እንግዲህ እዚህ ነው፤ ከአሁኑ ተማሪ።

ሌላው ደግሞ፣ ኅዳር አንቺ ቀይ ቡና የምትሰበስቢበት ወር ነው። ስለ ራስሽ ሥራ ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን አላልፈውም። ገበሬው እሸቱን ይዞ ሲመጣ ካላገኘሽ ለሌላ ይሰጣል፣ ለከርሞም እሱው ጋ ይሄዳል። የባል ሕልም ስለሆነ ብቻ ያ ገበያ መና ይቅር?

ስለዚህ ሁለቱን ጉዞ ለያይተሽ መልሺለት። ውቅያኖሱን ከጓደኛው ጋር ይሻገር። አንቺ ቡናሽን ጨርሰሽ በየካቲት በአውሮፕላን ድረሺበት። በዚያ ወቅት ካሪቢያን በጋ ነው፣ እስከ ሚያዝያም ጊዜ አላችሁ። ሕልሙን አልነካሽበትም፣ እሱም አንቺን በግድ ተረኛ አላደረገሽም። ቢያኮርፍ ጥቂት ቀን ያኩርፍ፤ ባህር ለለመደ ሰው አንድ ጉዞ ብቻውን መሄድ አዲስ ነገር አይደለም።

ቪዛውን ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። ላስ ፓልማስ የስፔን ስለሆነች፣ እዚያ ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማርቲኒክ የፈረንሳይ ብትሆንም ተራ የሸንገን ቪዛ አያስገባም፤ ለባህር ማዶ ግዛቶቿ የሚሠራ መሆን አለበት። ሌሎቹ ደሴቶች አብዛኞቹ ራሳቸውን የቻሉ አገሮች ስለሆኑ የእያንዳንዱን ጠይቁ። የቤቱን ገንዘብ አትንኩት። ባልሽ ከደመወዙ፣ አንቺ ከዘንድሮው ቡና አውጡ፤ ካልሞላ ያንቺ ቆይታ ይጠር።

ጓደኛው «ሦስተኛ ሰው ጎደለኝ» ቢል አንቺን አይመለከትሽም። በኅዳር ላስ ፓልማስ ወደብ ላይ የሚያሳፍራቸው ጀልባ የሚፈልጉ ወጣቶች ሞልተዋል።