ፒንግ ይመልሳል፣ ፒኤልሲው ግን ዝም ብሏል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስታዲየም አካባቢ ያለ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ምድር ቤት የውኃ ፓምፖቹን የሚቆጣጠር የቆየ ሲመንስ ኤስ7-200 ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) አለን፤ ሲፒዩው 224 ኤክስፒ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጣራ ላይ ያለው ታንከር ስንት ሜትር ውኃ እንደያዘ ቢሮው ሆኖ በኮምፒውተር ማየት ይፈልጋል። ከመርካቶ አርኤስ-485ን (የፒኤልሲውን ሲሪያል መስመር) ወደ ኢተርኔት የሚቀይር ኮንቨርተር ገዝቼ ቢሮው ድረስ ሽቦ ጎትቼ አገናኘሁ። ፒንግ ሳደርገው (በኔትወርኩ መኖሩን ስጠይቀው) ይመልሳል። ስካዳው (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) ግን "ታይም አውት" (መልስ አልመጣም) ከማለት ሌላ ነገር የለውም። ፒኤልሲውን ሞድባስ ስሌቭ (በሞድባስ ቋንቋ ሲጠየቅ የሚመልስ) አድርጌዋለሁ፤ እዚያው ፓኔሉ ጋ በላፕቶፕ ሳነበው ይሠራል። ፒኤልሲውን ቀይረን እንገላገል?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ፣ ፒኤልሲውን አትቀይረው! በላፕቶፕ ከተነበበ አድራሻውም ቦድ ሬቱም (የመላኪያ ፍጥነቱ) ደህና ናቸው። ችግርህ መሃል ላይ ነው።

ፒንግ ስታደርግ የሚመልስልህ ኮንቨርተሩ ራሱ ነው። ከኋላው ፒኤልሲ ኖረም አልኖረም ይመልሳል። ስለዚህ ፒንጉን እርሳው።

ሞድባስን ሞዲኮን ያወጣው በ1979 ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር በሲሪያል ሽቦ ነበር የሚሄደው። አንተ ፒኤልሲ ላይ ያለው አርቲዩ የሚባለው ነው፤ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ሁለት ባይት የስህተት ማረጋገጫ አለው። ስካዳህ የሚልከው ደግሞ ሞድባስ ቲሲፒ ነው። እሱ ማረጋገጫዋን ጥሎ ፊቱ ላይ የ7 ባይት መግቢያ ያደርጋል። ርካሹ ኮንቨርተር የመጣለትን ሳይከፍት እንደሚያደርስ ፖስተኛ ነው፤ አይተረጉምም። ፒኤልሲው ማረጋገጫው የተበላሸ መልእክት ሲደርሰው የስህተት መልስ እንኳ አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስካዳህ ላይ ሌላ የስህተት ኮድ ሳይሆን ታይም አውት ብቻ የምታየው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የኮንቨርተሩን አይፒ ብሮውዘር ላይ ጽፈህ ግባ። ብዙዎቹ ውስጣቸው የሞድባስ ጌትዌይ (ተርጓሚ) ምርጫ አላቸው፤ ሲገዙ ግን ትራንስፓረንት (ሳይተረጉም የሚያሳልፍ) ላይ ነው ያሉት። ወደ ጌትዌይ ቀይረው፣ የቲሲፒ ፖርቱን 502 አድርግ፣ ቦድ ሬቱንና ፓሪቲውን (የስህተት መፈተሻ ቢቱን) ልክ እንደ ፒኤልሲው አድርግ። ምርጫው ከሌለ ስካዳህ ላይ "አርቲዩ ኦቨር ቲሲፒ" የሚል ካለ እሱን ሞክር። ይሠራል፤ ግን ሁለት ኮምፒውተር በአንዴ ከጠየቀ ሊጋጩ ስለሚችሉ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ተጠቀም። ሁለቱም ከሌሉ ዕቃውን መልሰህ ጌትዌይ ግዛ። ብር ሳትከፍል ባለሱቁን "ሞድባስ አርቲዩን ወደ ሞድባስ ቲሲፒ ይተረጉማል?" ብለህ ጠይቀው። "ሁሉንም ይሠራል" ካለህ ማኑዋሉን ይዘህ አሳየኝ በለው።

አሁን ደግሞ ስለ ሽቦው። እዚህ ላይ አደራ እልሃለሁ። የኤስ7-200 ኮሙኒኬሽን ፖርት ከፒኤልሲው ውስጥ በኤሌክትሪክ አልተነጠለም። ምድር ቤቱና ቢሮው መካከል የኧርዝ ልዩነት ካለ ያ ቮልቴጅ በሽቦው መጥቶ ፖርቱን ሊያቃጥለው ይችላል። አንተ ደግሞ አርኤስ-485ቱን ቢሮ ድረስ ወስደኸዋል። መልሰው። ኮንቨርተሩን እዚያው ፓኔሉ ውስጥ ፒኤልሲው አጠገብ እሰረው፤ አርኤስ-485ቱ ከአንድ ሜትር አይለፍ። ወደ ላይ የሚወጣው የኢተርኔት ኬብል ይሁን። ኢተርኔት ፖርቱ ላይ ትራንስፎርመር ስላለው በኤሌክትሪክ የተነጠለ ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቅ። ፓምፖቹ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቀየሪያ) ካላቸው ኬብሉ ከሞተር ሽቦ ጋር በአንድ ትሬይ አይሂድ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገር።

የፒኤልሲው ፖርት 0 ላይ ፒን 3 ቢ ነው፣ ፒን 8 ኤ ነው። የሁለቱ የአርኤስ-485 ሽቦዎች የኤና የቢ አሰያየም ከአምራች አምራች ይለያያል። ኮንቨርተሩ ላይ የመላኪያው መብራት ብልጭ እያለ የመቀበያው ከጨለመ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይራቸው፤ ምንም አይጎዳም። ፖርት 1ን ለፕሮግራም ማድረጊያ ተወው።

ከተነበበ በኋላ ቁጥሩ ሊያስደነግጥህ ይችላል። ታንከሩ 3.5 ሜትር ሆኖ ስካዳው 0 ካሳየ ሴንሰሩን አትፍታ። ሪል (ነጥብ ያለው) ቁጥር ሁለት ሬጅስተር (የማስታወሻ ቦታ) ይይዛል፤ ስካዳው ቅደም ተከተላቸውን ገልብጦ እያነበበ ነው። "ወርድ ስዋፕ" የሚለውን ነካ አድርገው። ንባቡን በሰከንድ አንዴ አድርገው፤ ውኃ ከዚያ በላይ አይቸኩልም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ኮንቨርተሩና ስዊቹ እንዳይጠፉ ሁለቱንም ዩፒኤስ ላይ አድርጋቸው።

ዋናውን ጉዳይ ግን አንተም አልጠየቅከኝም። ሞድባስ የይለፍ ቃል የለውም። ኮንቨርተሩን የእንግዶች ዋይፋይ ባለበት ኔትወርክ ላይ ከሰካኸው አንድ እንግዳ አልጋው ላይ ተጋድሞ ፓምፕህን ሊያቆምብህ ይችላል። ለብቻው ስዊች ወይም ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ የተለየ ኔትወርክ) ስጠው። 502ን ወደ ኢንተርኔት በፍጹም አትክፈት፤ ሥራ አስኪያጁ ከቤቱ ማየት ካማረው በቪፒኤን (በተመሰጠረ መስመር) ይግባ። ፒኤልሲው ላይም አንድ ነገር አድርግ። የሞድባስ ማስጀመሪያ ብሎኩ ላይ "ማክስ አይኪው" የሚል ቦታ አለ። 0 ካደረግከው ከውጭ ማንም ኢንፑትም አውትፑትም መንካት አይችልም። የውኃውን መጠን ወደ አንድ የተለየ የቪ ሜሞሪ (የፒኤልሲው የውሂብ ማስታወሻ) ቦታ ኮፒ አድርግና "ሆልድ ስታርት"ን (የሚነበብበትን መነሻ) እዚያ ላይ አሳርፈው፤ "ማክስ ሆልድ"ን ደግሞ በሬጅስተሮቹ ብዛት ልክ ገድበው። ከቪ ሜሞሪው ውስጥ ከቢሮው የሚታየው ኮፒው ብቻ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን አሁን ያለውን ፕሮግራም ከፒኤልሲው ወደ ላፕቶፕህ አፕሎድ አድርገህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።