የአጋዘን ሥጋ ከመንዝ በግ ይቀርባል ወይስ ከቆላ ፍየል?

እትዬ፣ ጥያቄዎ ደስ ይላል። ልጅዎ ዴንቨር ናት። ጎረቤቷ አዳኝ ነው፤ በየዓመቱ የአጋዘን ሥጋ ይሰጣታል። አንዱ ዓመት ጣፈጣት፣ ሌላው ዓመት ግን ከአፏ አልገባ አለ። «የአጋዘኑ ዘር ስለተለያየ ነው ወይ? ከእኛስ ሥጋ የትኛውን ይመስላል?» ብለዋል። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት እዚያው ኮሎራዶ፣ አዳኞች ሥጋቸውን አምጥተው የሚያስቆርጡበት ቤት ሠርቻለሁ። ቆርጫለሁ፣ አሽጌያለሁ፣ ደህና አድርጌም በልቻለሁ።

ዘሩ ለውጥ ያመጣል፤ ሰው የሚያስበውን ያህል ግን አይደለም። ከዘሩ ይልቅ ምን በልቶ እንዳደገ፣ ዕድሜው፣ የታደነበት ወርና ከወደቀ በኋላ እንዴት እንደተያዘ ነው ጣዕሙን የሚወስነው።

ይሄ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደጋ ላይ ሣር ግጦ ያደገ የመንዝ በግና ከጣርማበር ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ላይ የምንበላው ፍየል ጣዕማቸው ለየቅል ነው። ፍየሉ የግራርና የቀንጠፋ ቅጠል ሲቀነጥብ ነው የኖረው። ሙክትና ወጠጤንም ያስቡ። አንድ ዘር፣ አንድ በረት፤ ግን አንዱ በዓል ያደምቃል፣ ሌላው ቤቱን በጠረኑ ይሞላዋል። አጋዘንን የሚያኮላሸው የለም፤ ስለዚህ ያደገው ወንድ ሁሉ ወጠጤ ነው ማለት ነው። ኤልክ የሚባለው ትልቁ ዓይነት የሚሳረርበት ጊዜ መስከረም ግድም ነው። ሌሎቹ ኅዳር አካባቢ ነው። በዚያ ሰሞን የተገደለ ትልቅ ወንድ ሥጋው ይከረፋል፤ ይጠነክራልም። ልጅዎ አልበላ ያላት እንዲህ ያለው ደርሷት ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ እዚህ አጋዘን የምለው የፈረንጁን ነው። የእኛው አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል፤ የእነሱ በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። በአፍሪካ የእነሱ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው ሰሜን ጫፍ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ላይ ብቻ ነው። «የወፍ ዋሻው ድኩላስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ልትጽፉ ያሰባችሁ ወንድሞቼ፣ አልቀመስኩትም፤ ልቀምሰውም አላስብም። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ባይከለከልም እዚያ ጫካ ቆሞ ማየቱ ይሻለኛል።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ልጅዎ ያለችበት አገር ሦስቱ በብዛት ይገኛሉ።

ዋይትቴይል የሚሉት ጅራቱ ከሥር ነጭ የሆነው ነው። ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ እርሻ በበዛበት ሜዳ ይኖራል። በቆሎና አልፋልፋ ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚበላው እሱ ነው። የወጣት ሴቷ ሥጋ ለስላሳ ነው። ጣፋጭነት አለው፤ ምንም የዱር ጠረን የለውም ማለት ይቻላል። ሳይነግሩኝ ቢያቀርቡልኝ ስብ የሌለው የጥጃ ሥጋ ነው ብዬ እበላ ነበር።

ሚውል ዲር የሚባለው ጆሮው የበቅሎ የሚያህለው ነው። ይሄ የተራራውና የደረቁ አገር ነው። ሰው «ሥጋው ይሸታል» እያለ የሚያማው እሱን ነው። ምክንያት አለው። በክረምታቸው ሣሩ ሲደርቅና በረዶ ሲሸፍነው ሴጅብረሽ የሚሉትን ቁጥቋጦ ይበላል። የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን በእጅዎ ቢያሹት ሽታው አይለቅዎትም። ያንን ሲበላ የከረመ እንስሳ ሥጋው ውስጥ መራራ ቅጠል መሰል ነገር ይመጣል። ከእኛ ሥጋ በጣም የሚቀርበው የቆላ ፍየል ነው፣ ያውም የሸመገለ። ግን በበጋቸው መጨረሻ፣ ከተራራ ላይ ለምለም ሣር በልቶ የወረደ ወጣት ሚውል ዲር ቆርጬ ወስጄ ጠብሻለሁ። ከዋይትቴይሉ የሚለይበትን ማግኘት አልቻልኩም። እንግዲህ ዘሩ ነው የሚሉት ሰዎች ይሄን ምን ይሉታል?

ኤልክ ግን በእርግጥ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ዘሩ ራሱ ይናገራል። ወንዱ 300 ኪሎ ያልፋል። በአብዛኛው ሣር ጋጭ ነው፤ ሥጋው ደማቅ ቀይ፣ ጣዕሙ ንጹሕ ነው። ከበሬ ሥጋ ጋር የሚቀራረበው ይሄ ነው፤ ከበሬ ትንሽ ይጣፍጣል እንኳን። እኔ ምረጥ ብባል የሴት ኤልክ ሽንጥ እመርጣለሁ፤ ማንም አይከራከረኝ።

ሱቅ የሚሸጠውን ለብቻው ይዩት። አሜሪካ ውስጥ ከዱር የታደነ አጋዘን ሥጋ መስጠት እንጂ መሸጥ አይቻልም። ሱቅ ያለው የእርባታ ነው፤ ብዙው ቀይ አጋዘን ከኒውዚላንድ የሚመጣ ነው። በወጣትነቱ የሚታረድ፣ መኖው የታወቀ ስለሆነ ሁሌም አንድ ዓይነት ለስላሳ ጣዕም አለው። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ስቡ። እኛ ሥጋ ስንገዛ ዓይናችን ጮማ ይፈልጋል። ለአጋዘን ይሄን ልማድ መተው ግድ ነው። ስቡ የሚቀልጠው በከፍተኛ ሙቀት ነው፤ ሲበሉት አፍ ውስጥ ይረጋል። ላንቃ ላይ ተለጥፎ አይለቅም። የሚከረፋውም ጠረን አብዛኛው እዚያ ስብ ውስጥ ነው። የመንዝ በግ ላቱ ነው ክብሩ፤ የአጋዘን ስብ ግን አንድም ሳይቀር ተልጦ ይጣላል። ነጩ ሽፋንና ጅማቱም አብሮ። ይሄን ብቻ ብታደርግ ካማረረችው ግማሹ ይቀርላታል።

አያያዙም አለ። አዳኙ እንስሳውን ቶሎ ካልዘረገፈውና ካላቀዘቀዘው ሥጋው ይበላሻል፤ የኤልክ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ጥይቱ ሆድ ዕቃውን በስቶት ከሆነ ደግሞ ፈርሱ ሥጋውን ይነካዋል። የዋይትቴይሉና የሚውል ዲሩ ወንድ የኋላ እግሩ ላይ፣ ከቋንጃው በውስጥ በኩል ጠረን የሚያወጣ ጸጉራም ዕጢ አለው። በሚሳረርበት ወቅት ሽንቱን ራሱ ላዩ ላይ ያፈሳል። ያንን በነካ ቢላ ሥጋ የቆረጠ ሰው አለ። እኛ ቤት የሚመጣውን አንዳንዱን ሳንፈታው ከሽታው እናውቀው ነበር።

አሠራሩን ልጅዎ ከእርስዎ ስለምታውቅ ረጅም አላወራም። ሽንጡና ፊሌቶው በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ቶሎ ተጠብሶ ይውጣ። ስብ ስለሌለው ከቆየ ይደርቃል። ጭኑ ለቋንጣ ነው፤ እንዲያውም ለቋንጣ ከዚህ የተሻለ ሥጋ አላየሁም፣ ስብ አልባ መሆኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው። ጠረን ያለው ከደረሳት ምንቸት አብሽ ትሥራው። በርበሬው፣ አብሹና ኮረሪማው ይገዙታል።

ጥሬ ግን አይበላም። ክትፎም ለብለብም አይሆንም። የሆድ ዕቃው ባክቴሪያ በቀላሉ ሥጋውን ይነካዋል፤ ጥገኛ ተሕዋስም አለ። የተፈጨ ከሆነ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል። ሌላው ደግሞ አጋዘንን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ ነው። መጀመሪያ የታየው እዚያው ኮሎራዶ በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ሆኖም በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ አትብሉ ነው የጤና ባለሙያዎቹ ምክር። ማብሰል አያጠፋውም። ጎረቤቷን «አስመርምረኸዋል?» ብላ ብትጠይቀው ነውር የለውም፤ አዳኞቹ ራሳቸው የሚያወሩት ጉዳይ ነው።

በስመ አብ ስላልታረደ ይበላል ወይ ላሉት፣ እሱን ለነፍስ አባትዎ እተዋለሁ። እኔ በልቻለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራ የአንኮበር ልጅ ግን አንድም ቀን አልቀመሰም፤ ተከባብረን ነው የሠራነው።

ግን አንድ ነገር ይንገሯት። ሥጋው ስብ ስለሌለው የተፈጨውና ቋሊማው ላይ ቆራጭ ቤቶቹ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይጨምሩበታል። እኔ በሠራሁበት ቤት ደንበኛው የበሬ ስብ ይሁንልኝ ካላለ የሚገባው የአሳማው ነበር። ፓኬቱም ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ ያልተፈጨውን፣ ሙሉ ጭኑን ወይም ሽንጡን ትጠይቀውና ራሷ ቤት ትፍጨው።