የዩፒኤስ ባትሪ ለመቀየር ብሬከር ማጥፋት ይበቃል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በተከታታይ የታሰሩ 32 ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ያሉት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል ዕቃ) አለ፣ ልትቀይራቸው ነው፣ «የባትሪውን ብሬከር ካጠፋሁ ይበቃል?» ነው ያልከው። አብሽር፣ ሥራው ይሠራል። ብሬከሩ ብቻውን ግን አይበቃም።

ብሬከሩ የሚያጠፋው ከሱ ወደ ዩፒኤሱ የሚሄደውን ነው። ከሱ ወደ ባትሪው ያለው እንዳለ ነው። የመብራት መስመር ቢሆን ከላይ ታስጠፋለህ፣ ባትሪን ከየት ታስጠፋዋለህ? 32ቱ አንድ ላይ 384 ቮልት ናቸው፣ ቻርጅ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ከ430 ያልፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋ፣ ጅረት እንደሌለ ኬብሉን አቅፎ በሚለካ የዲሲ ክላምፕ ሜትር እይ (ዲሲ የባትሪው ጅረት ነው፣ ኤሲ የመብራት መስመሩ፤ ተራው የኤሲ ክላምፕ ዲሲ አያነብም፣ ዜሮ አሳይቶ ይሸውድሃል)፣ ከዚያ ሌላ ምንም ሳትነካ መደርደሪያዎቹን የሚያገናኙትን ኬብሎች ፍታና ጫፋቸውን ሸፍን። በ8 በ8 ከተከፈለ እያንዳንዱ 96 ቮልት ይሆናል። አንድ በአንድ ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው።

አርኩን (በአየር ላይ ዘሎ የሚነደውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) በተመለከተ፣ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብልጭታው የመጥፋት ዕድል አለው። ዲሲ ዜሮ የለውም። አንዴ ከተነሳ ክፍተቱ እስኪሰፋ ወይም የሆነ ነገር ቀልጦ እስኪበጠስ ይነዳል።

የአርኩን ሙቀት በቁጥር ላሳይህ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የአርክ ማስያ መመሪያ፣ አይ ትሪፕል ኢ 1584፣ ለኤሲ ብቻ የተሠራ ስለሆነ እዚህ አይሆንም። ለዲሲ የአሜሪካኖቹ የኤሌክትሪክ ሥራ ደህንነት ደረጃ፣ ኤን ኤፍ ፒ ኤ 70ኢ፣ አባሪ ላይ አንድ ቀላል ግምት አለ፤ አርኩ የሾርቱን ጅረት (+ እና − በቀጥታ ሲነካኩ የሚፈሰውን) ግማሽ ይወስዳል ይላል። የአንድ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 3 ሚሊኦም ነው እንበል፣ ትክክለኛውን ከዳታ ሺቱ ታያለህ። 32ቱ 96 ሚሊኦም፣ ሾርቱ 4000 አምፔር፣ አርኩ 2000። ሰው በ2 ሰከንድ ውስጥ ይሸሻል ብለን ፊትህን 45 ሴንቲ ላይ ብናስቀምጠው 7.6 ካሎሪ በካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ያልተሸፈነ ቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ የሚጀምረው 1.2 ላይ ነው። ግምቱ ወደ ላይ የሚያጋንን ነው፣ ግን ለጥንቃቄ የተጋነነው ይሻላል።

ያው ባትሪ አራት ብቻ ሆኖ 48 ቮልት ሲሆን ከ1.2 በታች ይወርዳል። የቴሌኮም ልጆች «ስንት ዓመት በባዶ እጃችን» የሚሉት ለዚህ ነው። ግን ልብ በል፣ የሾርቱ ጅረት እዚያም ያው 4000 ነው፤ ቮልቱም ሬዚስታንሱም እኩል ነው የቀነሱት። ደሴ አንድ ቦታ ያየሁት 13 ቁልፍ አፉ ተበልቶ ተርሚናሉ ላይ ተበይዶ ቀርቷል። እጀታው በናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር። ናስትሮ አፉን አይሸፍነውም! የአይ ኢ ሲ 60900 (የተሸፈኑ የእጅ መሣሪያዎች ደረጃ) የ1000 ቮልት ምልክት ያለበት ቁልፍ ፈልግ፣ ውድ ነው፣ ተውሰህም ቢሆን። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ፖሊስተር ጃኬት ቆዳ ላይ ይቀልጣል፣ ጥጥ ልበስ፤ ለዚህ 384 ግን ለአርክ የተሠራ ልብስና የፊት መከለያ ያስፈልግሃል።

ብሬከሩንም የምትቀይረው ከሆነ የኤሲ ብሬከር እንዳታስገባ፣ ሶላር ላይ ይሄን የሚያደርግ ሞልቷል። + እና − የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ተገልብጦ ከታሰረ አርኩን ማጥፋት ሊያቅተው ይችላል። ከፍታም አለ። የእነዚህ ዕቃዎች መደበኛ ደረጃ እስከ 2000 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ስለሆነ ችግር የለውም፣ ደሴ ግን ከ2400 በላይ ነው፣ አየሩ ስለሚሳሳ ብሬከሩ የሚችለው ቮልት ይቀንሳል፤ ያንኑ ዕቃ ሽቅብ ይዘህ ልትመጣ ከሆነ የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ ሳታይ አትግጠመው።

አሁን ያለውን ብሬከር ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ ጽሑፉ እንዲነበብ አድርገህ። የዲሲ ቮልቱን አብረን እናየዋለን።