ሊጡ ከምጣዱ ሲርቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። አንድ ዴስክቶፕ ላስገጣጥም ብዬ ያገለገሉ ሁለት ፕሮሰሰሮች፣ የኮምፒውተሩ አንጎል የሚባሉት፣ ቀረቡልኝ። አንዱ የኢንቴል ኮር አይ9-12900ኬኤስ ነው፣ 5.5 ጊጋኸርዝ። ሌላው የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ፣ 4.5። ሻጩ «ቁጥሩ ትልቁን ውሰድ፣ ኦቨርክሎክ ስታደርገው፣ ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ስትጎትተው፣ ደግሞ ይበራል» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጌም ቤት ከሆነ 5800ኤክስ3ዲውን ውሰድ። ሻጩ አልዋሸህም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረህ።

እናትህ እንጀራ ስትጋግር አስብ። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል፣ ቡሃቃው ጓዳ ከሆነና ለእያንዳንዱ እንጀራ እየተነሳች የምትቀዳ ከሆነ ምጣዱ ባዶውን ይነዳል። ጊጋኸርዝ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ የምጣዱ ግለት ነው። ካሽ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ፣ አጠገቧ ያለ ቡሃቃ ነው። ጓዳው ከፕሮሰሰሩ ውጭ ያለው ዋናው ማስታወሻ፣ ራም ነው። ጌም ደግሞ ትንንሽ ዳታ ከዚህም ከዚያም በየቅጽበቱ ስለሚፈልግ ጓዳ መመላለሱ ክፉኛ ይጎዳዋል።

የኢንቴሉ ትልቁ ካሽ (ኤል3 የሚባለው) 30 ሜጋባይት ነው፣ የኤኤምዲው 96። ሁለቱም ገበያ የወጡት በአንድ ወር፣ በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 2022 ነው። ኢንቴል ፍጥነቱን እስከ ጫፍ ገፋው። ኤኤምዲ ግን ከቀዳሚው ከ5800ኤክስ 4.7 ጊጋኸርዝ ወደ 4.5 ወርዶ፣ 64 ሜጋባይት ካሽ ከላይ ደረበበት። በጌም አንገት ለአንገት ተናነቁ። የኢንቴሉ ሥራ ሲበዛበት እስከ 241 ዋት ይጠጣል፤ የኤኤምዲው ጣሪያ 142 ነው። በጄኔሬተር ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ብትሆን ግን ኢንቴሉን እልህ ነበር፤ ሥራውን የሚካፈሉ 16 ኮሮች አሉት፣ ያኛው 8።

ኦቨርክሎኩን እርሳው። 5800ኤክስ3ዲ ፍጥነቱ እንዳይጨመር ተቆልፎ ነው የመጣው፤ የተደረበው ካሽ ሙቀት ያፍናል፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅም አይችልም። ኤኤምዲ ይህን ያስተካከለው በ2024 ነው፤ በ9800ኤክስ3ዲ ካሹን ከኮሮቹ ሥር አድርጎ ቁልፉን ከፈተው።

ባለፈው ግንቦት እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ልጅ እየጠፋ የሚነሳ ዴስክቶፕ አመጣልኝ። ፕሮሰሰሩን ከ4.4 ወደ 4.6 ጎትቶታል። ጭማሪው ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም! ፋኑን ስፈታው ቴርማል ፔስቱ፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ በበጋ እንደተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ሆኗል፤ በጥፍሬ ነው የፋቅሁት። አዲስ ቀባሁት፣ ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስኩ። እስካሁን በደህና እየሠራ ነው።

የተረፈህን ብር ጥሩ ፋንና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዛበት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የምታገኘው ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ የቆየ ከሆነ 5800ኤክስ3ዲውን ላያውቀው ይችላል። አስቀድመህ ሰሌዳው በሚያውቀው ሌላ ፕሮሰሰር ባዮሱን፣ ማዘርቦርዱን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር፣ አድስ። ስታድስ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላልና ዩፒኤሱ ላይ ሰክተህ አድርገው።