«ጃጀች» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ዛሬ የደም ግፊት አንጎልን እንዴት እንደሚጎዳ የምጽፍላችሁ በጎረቤቴ በእትዬ ምክንያት ነው።

እትዬ ቡና ሲያፈሉ የሚስተካከላቸው አልነበረም። አንድ እሁድ ቤታቸው ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ቡናውን አጥበው ምጣዱ ላይ አደረጉት። ከዚያ ማማሰያውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ቡናው መጨስ ጀምሯል። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠፋባቸው። የእኔን ስም አልረሱም፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ስም አንድ በአንድ ይጠሩታል። የጠፋባቸው ቅደም ተከተሉ ነው። ሲነሱም እግራቸውን እየጎተቱ፣ በአጭር በአጭሩ ነው የሚራመዱት። ልጆቻቸው «እማዬ ጃጀች» ብለው ትተውታል።

መድኃኒታቸውን አምጡልኝ አልኩ። ከመሳቢያ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ የደም ግፊት ኪኒን ወጣ። አብዛኛው አልተነካም።

«ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ» አሉኝ። ጎረቤት ሆኜ ቀድሜ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍሉ ደም የሚያደርሱት በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። እኛ የከተማ ዳር ሰዎች ይህ ቶሎ ይገባናል። የውኃ መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት ቧንቧው ከተደፈነ አለቀለት፤ በሌላ በኩል የሚመጣለት የለም። የአንጎል የውስጠኛው ክፍልም እንደዚያ ነው። ግፊት ለዓመታት ሲያይል የደም ሥሮቹ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መተላለፊያው ይጠባል። አንዱ ሲደፈን ከ15 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠባሳ ይተዋል። አንዱ ብቻውን ላይታወቅ ይችላል። ሲደጋገም ግን የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት መስመሮች ይጎዳሉ። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ሰው ከመርሳቱ በፊት አስተሳሰቡ የሚዘገየው፣ የለመደውን ሥራ ማቀድ የሚያቅተው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከተጨመረበት ደግሞ ሁለቱ ይደራረባሉ። የስኳር በሽታና ሲጋራም እነዚህኑ የደም ሥሮች ይጎዳሉ።

ግፊትን መቆጣጠር ለአንጎል እንደሚጠቅም ማስረጃ አለ። በ2019 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት፣ ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማስታወስና የማሰብ ችግር ያጋጠማቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ።

እኔን የሚያስፈራኝ የእናንተ ዕድሜ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን የሚሠራ የ33 ዓመት የባጃጅ ሾፌር ግፊት ለካሁ። 160 በ100።

«ምንም አያመኝም እኮ!» አለኝ።

አዎ፣ ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። በማግስቱ ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። ጤና ጣቢያ ላክሁት።

የእትዬን ኪኒን አሁን ልጃቸው በየጠዋቱ ትሰጣቸዋለች። የጠፋው ቅደም ተከተል ግን አልተመለሰም። ቡና ሲቆሉ አጠገባቸው ቁጭ ትልና፣ ልክ ሲጨስ፣ ቀስ ብላ «እማዬ፣ አሁን አውጪው» ትላቸዋለች።