የላጤ ቤትም ቤት ነው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በዝውውር ደሴ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ሆጤ አካባቢ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። 11:30 ከሥራ እወጣለሁ፣ ምግብ ቤት እበላለሁ፣ ቤት ገብቼ ስልኬን ይዤ እጋደማለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአልጋ አልወርድም። ሰው አልጠላም፤ ግን ከ«እንዴት አደራችሁ» የሚያልፍ ጨዋታ አልሆንልህ አለኝ። ወሎን ሁሉም «የፍቅር አገር» ይላል፤ ፍቅሩ እኔ ጋ ለምን አልደረሰም? (የ28 ዓመት ወንደላጤ)

መልስ፦ ከመጨረሻዋ ጥያቄህ እንነሣ። ወሎ ውስጥ ሰው ከሰው የሚደራረስባቸውን መንገዶች ተመልከት፤ ቅሬው (የሰፈሩ እድር)፣ የሰፈሩ ቡና፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ሶደቃው፣ ሁሉም የሚጠሩት ቤትን ነው። ጥሪው የሚመጣው «ለእነ እገሌ ቤት ንገሩ» ተብሎ ነው። ተከራይ ላጤ በሰፈሩ ዐይን ገና ቤት አልሆነም፤ የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ማንም ሳይጠላህ ማንም ሳይጠራህ ዓመት ይሞላል። ጠባይህን ለመለወጥ አትድከም። እንደ አንድ ቤት እንድትቆጠር ማድረግ ነው የሚያስፈልግህ፤ ይህን ደግሞ ዝምተኛ ሰውም ይችለዋል።

መጀመሪያ የሚነካው ከ11:30 እስከ ምሽቱ 1:30 ያለው ጊዜ ነው። ቤት ገብተህ ጫማህን ካወለቅህ ቀኑ አበቃ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማታ ብርዱ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባን ሰው መልሶ አያስወጣም። ስለዚህ ቤት ከመግባትህ በፊት አንድ ቦታ ድረስ፤ በረንዳ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ይሁን። ካፌ ውስጥ ጥግ ይዞ መቀመጥ ለዚህ ጉዳይ አይረባም፣ ጠረጴዛው ይከልልሃል። ጀበና ቡና ላይ ግን ዱካዎቹ ተጠጋግተው ጉልበት ለጉልበት ስለሚያነካኩ ዝም ማለቱ ራሱ ይከብዳል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እንበል፣ በዚያው ሰዓት እዚያው ተቀመጥ። 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ስልኩ ከኪስ አይውጣ። ምሽት መንቀሳቀስ የሚከለከልበት ወቅት ከሆነ ሰዓቱን ወደ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት አዙረው።

ደስ እስኪልህ አትጠብቅ። ድብርትን የሚያክሙ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የያዙት አንድ መንገድ አለ፤ ሰውየው ፍላጎት ባይኖረውም የተቆረጠችውን ትንሽ ነገር በሰዓቷ ያደርጋል፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ሳይሆንልህ ያልፋሉ፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። ሌላው የተለመደ ስሕተት ቦታ መቀያየር ነው። አምስት ቦታ አንዳንድ ቀን የታየ ሰው አምስቱም ጋ እንግዳ ነው። አንድ ቦታ አምስት ቀን የታየ ሰው ግን በስድስተኛው ሲቀር «ያ ልጅ የት ጠፋ?» ይባልለታል።

ለጨዋታው ብልሃት አያስፈልግህም። ምናልባት የሚጎዳህ ሰላምታውን ማሳጠርህ ነው። እዚህ አገር ሰላምታ ይረዝማል፤ ራሱን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ የገጠር ሰው ከሆነ ዝናቡንና ከብቱን ትጠይቃለህ። ይህን በአንድ ቃል የሚጨርስ ሰው የቸኮለ ይመስላል፤ የቸኮለን ሰው ደግሞ ማንም አያቆምም። ቀጥለህ ምክር ጠይቅ፤ «ጣሪያ የሚያፈስ ቤት ማን ይጠግናል?»፣ «ያልተቀላቀለ በርበሬ ከማን ልግዛ?» በል። የመከረህ ሰው በማግስቱ «እህ፣ አገኘኸው?» ብሎ ራሱ ይጠይቅሃል። ማታ ስልክህ ላይ የሰማኸውን ጻፍ፤ የሰውየውን ስም፣ የልጁን ስም፣ ቤት ውስጥ የታመመ ካለ እሱንም። ከሳምንት በኋላ «እናትህ ተሻላቸው?» ስትለው የምታየው ፊት ሌላ ነው።

ከተለያያችሁ በኋላ «አሰልችቻቸው ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣብህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሥነ ልቦና ጥናት ገና የተዋወቁ ሰዎችን ሲፈትሽ፣ ሰዎቹ ያነጋገራቸው ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው አሳንሰው ሲገምቱ ተገኝተዋል። ስለዚህ ሐሳቡን አትመነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ቡናውን ወደ ግቢህ አምጣው። ለስድስት ሰው ሦስቱንም፣ አቦል ቶና በረካ፣ ለመጠጣት 60 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይበቃል፤ ከግማሽ የሻይ ብርጭቆ ትንሽ አለፍ ይላል። ግማሽ ብርጭቆ የፈንድሻ በቆሎ፣ አንድ ሰሐን ቆሎ ወይም ንፍሮ ጨምር። ጀበናና ረከቦት ከሌለህ አትግዛ። ግማሽ ኪሎ ቡናና ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዘህ ለአከራይህ ባለቤት «እትዬ፣ እሑድ እርስዎ ያፍሉልኝና ጎረቤቱን እንጥራ» በላቸው። ይህ እንደ ድክመት አይታይብህም፤ እንዲያውም ጥሪው በእሳቸው አፍ ስለሚወጣ እምቢ የሚል አይኖርም። እጣኑን አጭስ፣ ስኒውን እጠብ፣ የመጀመሪያዋን ስኒ ለታላቅየው ጀባ በል። እስከ በረካ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከአቦል በኋላ ተነሥተህ ስልክ ለማናገር ብትወጣ ሁሉንም አበላሸኸው።

ሥጋ በመጀመሪያ ጥሪህ ላይ አይኑር። ጎረቤቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፣ እርዱ ደግሞ ይለያያል፤ ሁለት ዓይነት ድግስ ማዘጋጀት የሰርግ ቤት ጣጣ ነው። ቆሎና ንፍሮ ግን ቅቤ እስካልነካው ድረስ በረቡዕም በዓርብም ማንንም አያስቀይምም። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው። በረመዳን ቀን ላይ አትጥራ፤ ግማሽ ኪሎ ተምር ይዘህ በማፍጠሪያው ሰዓት ጎረቤትህን አንኳኳ፤ ሳትበላ አትወጣም።

ሦስተኛው፣ የሁሉም ቁልፍ፣ ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑ ነው፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ የያዘ ነው። «ላጤ ነኝ፣ ነገም ልዛወር እችላለሁ» ብለህ አትተወው። በአከራይህ በኩል ወደ ሰብሳቢው ሂድና አራት ነገር ጠይቅ፦ መመዝገቢያው ስንት ነው፣ ወርኃዊው ስንት ነው፣ ቀሪ ሰው ምን ይቀጣል፣ ሌላ አገር ያሉ ወላጆቼ ቢያርፉ ቅሬው ይደርስልኛል ወይ። የአራተኛው መልስ ከቅሬ ቅሬ ይለያያልና ሳትጠይቅ አትፈርም። ተመዝግቦ ከመቅረት ግን አለመመዝገብ ይሻላል፤ ቅጣቱ በብር ይከፈላል፣ ስሙ ግን አይከፈልም።

ዓይናፋር ሰው ለቅሶ ቤትን ይፈራል፤ መፍራት አልነበረበትም። ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር የማይሆንበት ስፍራ ለቅሶ ቤት ነው። «እግዜር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብለህ ትቀመጣለህ። ወንበር ከመኪና ማውረድ፣ ድንኳን መወጠር፣ ውኃ ማመላለስ አለ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። አንድ ሌሊት አብሮ ያደረ ተከራይ ከዚያ በኋላ በስሙ ነው የሚጠራው።

ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅም ግምት ይኑርህ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ወዳጅነት ለመሻገር 50 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መዋል እንደሚፈልግ ገምተዋል። ከአንድ ሰው ጋር በሳምንት 3 ሰዓት ብታሳልፍ ወደ ወዳጅነት ለመድረስ አራት ወር፣ ለቅርብ ጓደኝነት ከዓመት በላይ ማለት ነው። በስድስተኛው ሳምንት «ጓደኛ አላገኘሁም» ብትል ስሌቱ ገና ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንዱ ጫት ነው። የመቃሚያ ክፍል በመጀመሪያ ቀኑ ስምንት ወዳጅ ይሰጥሃል፤ ያንተ ችግር ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚመጣው እንቅልፍ ነውና ጫቱ እሱን ወደ 10 ሰዓት ይገፋዋል፣ ምሽቱም ቀሪ ደመወዝህም እዚያው ያልቃል። ሌላው ብድር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለአዲስ ወዳጅ አታበድር፤ «ደመወዝ አልወጣም» ብለህ ቡናውን ክፈልለት። ያበደርኸው ሰው ሲያይህ መንገድ መቀየር ይጀምራል፤ ብሩም ሰውየውም አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ 24 ዓመቴ ነው። አብራኝ የነበረችው ልጅ አግብታ ስትሄድ ቤቱን ብቻዬን ያዝኩት። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ከሰው ጋር ቀጠሮ አይያዝልኝም። ደግሞ ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ሰው ከገባ ሰፈሩ ይንሾካሾካል።

መልስ፦ ቀጠሮሽን ከቀን ጋር አታያይዢው፣ ከፈረቃሽ ጋር እሰሪው። «ማክሰኞ እንገናኝ» ብትይ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሌሊት ገቢ ነሽ። ከአንቺ ጋር አብረው የሚዞሩትን አራት አምስት ልጆች ምረጪ፤ የእነሱ ነጻ ሰዓት ሁልጊዜ ያንቺ ነጻ ሰዓት ነው። በጠዋት ፈረቃ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተገናኙ። በሌሊት ፈረቃ ሳምንት አትገናኙ፣ ተኙ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠብ እንጂ ጨዋታ አይወጣለትም።

ከእነሱ ጋር ዕቁብ ብትጀምሩ ያስተሣሥራችኋል። ደመወዛችሁ በወር ስለሆነ ዕቁቡም የወር ይሁን፤ ለምሳሌ አሥር ሴት በ500 ብር፣ እጣው 5,000፣ አሥር ወር። መዋጮው ከደመወዝሽ አንድ አሥረኛ አይለፍ። ዳኛና ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፣ እጣ የወጣላት ዋስ ታቅርብ። አዲስ ሰው ሆነሽ የመጀመሪያውን እጣ አትለምኚ፣ ዐይን ውስጥ ያስገባል። ብሩ በቴሌብር ብቻ የሚላክ ከሆነ ግን ገንዘብ እንጂ ሰው አያመጣልሽም፤ ስለዚህ እጣው በአካል ይውጣ፣ የደረሳት ሴት በቀጣዩ ወር ቡና ታፍላ።

ስለ ሐሜቱ፦ ፍትሐዊ አይደለም፣ ወንደላጤውን ማንም እንዲህ አይጠይቀውም። ሆኖም እያማረሩ ከመቀመጥ ሐሜቱን ሥራ መፍታት ይሻላል። ቡናውን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ግቢው ላይ፣ በቀን ብርሃን አፍዪው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቆላ የወረደች ናትና ውጭ መቀመጡ ይመቻል። ከማንም በፊት አከራይሽን ጥሪያቸው፣ ሌሎቹን ልጆች በስም አስተዋውቂያቸው። እሳቸው አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ወሬው «እኛ ግቢ የሚጠጣው ቡና» ይሆናል። የሥራ ባልደረባ ወንዶች ካሉ በቡድን ከተማ ላይ ተገናኙ፤ ወደ ሐይቅ ለመውጣትም የቡድን ቅዳሜ ጥሩ ነው፤ ከደሴ አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነው የምኖረው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ 66 ዓመቴ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። እስከ አርባዋ ቤቴ ሰው ይሞላው ነበር፤ ከተዝካሯ በኋላ ጭር አለ። ልጆቼ አዲስ አበባና ዐረብ አገር ናቸው። ምግብ እንኳ ለራሴ መሥራት አስጠልቶኛል።

መልስ፦ ሰዎቹ የቀሩት ረስተውዎት ላይሆን ይችላል፤ ከአርባ በኋላ ኀዘንተኛን መጎትጎት ነውር ስለሚመስላቸው የእርስዎን ምልክት ይጠብቃሉ። ምልክቱን በምግብ ይስጡ። ለሚቀርቡት ጎረቤት በወር 5 ኪሎ የጤፍ ዱቄትና 1 ኪሎ ሽሮ ያስገቡና በሳምንት ሁለት ቀን ምሳ ከእነሱ መሶብ ይቁረሱ። በባዶ እጅ ከሆነ በሦስተኛው ሳምንት ራስዎ ያፍራሉ፤ ድርሻዎ ከገባ ግን ሲቀሩ ልጅ ይላክብዎታል።

መምህርነትዎም ጡረታ አልወጣም። ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚዘጋጁ አራት የሰፈር ልጆች በሳምንት ሦስት ከሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት በረንዳዎ ላይ ይሰብስቡ። ከአራት አይብለጡ፤ ሲበዙ ትምህርት ቤት ሆኖ ያደክምዎታል። ገንዘብ አይቀበሉ፣ ወላጆቹ ግን በበዓል ቀን መምህርን ባዶ አይተዉም።

አንድ ነገር ግን በቡናም በጎረቤትም አይታለፍም። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከዘለቀ፣ በተለይ «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከተመላለሰ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይህንኑ በግልጽ ይናገሩ። ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ይጽፉልዎታል። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሁለቱ አይጣሉም። የእንቅልፍ ክኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው አይጀምሩ፤ ክኒን ላይ አረቄ መጨመር ደግሞ ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳል።