ሽንታቸው ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ እዚህ ሜሪላንድ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተዋል። «ልባቸው በደንብ ይሠራል፤ ግፊታቸው ግን አልነሳ አለ» ተባልን። ትናንት ሰማያዊ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ዛሬ ሽንታቸው አረንጓዴ ነው፣ የጣቶቻቸው ጫፍም ጠቁሯል። እናቴ «መረዙት» እያለች ታለቅሳለች። ልብ ደህና ከሆነ ግፊት እንዴት ይወርዳል?
ሕ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በመጀመሪያ እናትዎን ያረጋጉልኝ፤ አልተመረዙም። መድኃኒቱ ሜቲሊን ብሉ ይመስለኛል፤ በኩላሊት ሲወጣ ሽንትን አረንጓዴ ያደርጋል፣ በጥቂት ቀናትም ይጠራል። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያም ያሳስተዋልና ቁጥሩ ድንገት ቢወርድ ነርሷን ይጥሩ እንጂ አይደንግጡ።

ግፊት የልብ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ደም ሥሮች ጠበቅ ማለት አለባቸው። ደም በልብና ሳንባ ማሽን ውስጥ ሲዞር ሰውነት ይቆጣል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ በብዛት ያመነጫል፤ እሱ ደግሞ የደም ሥሮችን ጡንቻ ያላላል። ይህን ቫሶፕሌጂያ እንለዋለን። ቀድሞ ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ።

«ግሉኮስ ይጨመርላቸው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። የላላ ደም ሥር በፈሳሽ ብቻ አይጠብቅም፤ ትርፉ ሳንባን ያጥለቀልቃል። እኛ የምንጀምረው ደም ሥሮችን በሚያጠብቀው መድኃኒት፣ በኖርአድሬናሊን ነው፤ አማካይ ግፊቱን ብዙውን ጊዜ ከ65 በላይ ለማቆየት። መጠኑ እየጨመረ ሲሄድ ግን ጣትና አንጀት ዋጋውን ይከፍላሉ። ስለዚህ በሌላ መንገድ የሚሠራ ቫሶፕሬሲን እንጨምራለን፤ በአውሮፓውያኑ 2017 በብራዚል 300 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ቫሶፕሬሲን የተሰጣቸው ከኖርአድሬናሊን ተጠቃሚዎቹ ያነሰ የኩላሊት ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። እነዚህ አልበቃ ሲሉ ነው ሜቲሊን ብሉ የሚመጣው፤ የናይትሪክ ኦክሳይድን ሥራ ያግዳል። ሁሉንም ሰው ግን አያነሳም።

የጣቶቹ መጥቆር ከመድኃኒቶቹ ብዛት ሊሆን ይችላል፤ የደም መርጋትም ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ያሳዩ። ሐኪሙን «ግፊቱ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «የኖርአድሬናሊኑ መጠን ከትናንት ቀንሷል?» ብለው ይጠይቁ። ግፊቱ ሳይወርድ መጠኑ ከቀነሰ ደም ሥሮቹ ራሳቸውን መያዝ ጀምረዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አይደብቁ። አባትዎ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ይወስዱ ከነበረ አሁኑኑ ይናገሩ። ከሜቲሊን ብሉ ጋር ሲገናኝ ለሕይወት የሚያሰጋ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መታወክ ሊያመጣ ይችላል። ቤተሰብ ይህን በኀፍረት ሲሸሽግ ብዙ አይቻለሁ፤ ያናድደኛል።